ቦቲ፣ ኮንጎ ወይስ በረባሶ? በጣና ዳር ለሚማር ልጅ የክረምት ጫማ ግምገማ

ከሐሙሲት እስከ ወረታ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ደንቢያ ባለው ሜዳ ለሚማር ልጅ ጫማ የሚገዛ ወላጅ በመጀመሪያ ሊያስብ የሚገባው ስለ ጭቃው ነው። የፎገራና የደንቢያ መሬት ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፣ ይለጠፋል፣ እግር ከያዘ አይለቅም። ገበያ ላይ የክረምት ጫማ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ለዚህ ጭቃ አይሆንም። ባሕር ዳር ገበያና በጎንደር መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች ከሚገኙት ውስጥ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ የምንመርጠው ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ የሚለውን ጥቁር አጭር ቦቲ ነው። እስከ ጉልበት የሚደርሰውን ረጅሙን ለትንሽ ልጅ አንመክርም። ኮንጎ ደግሞ ቦታውን ካወቁለት የሚናቅ አይደለም።

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ስለሌለ ለተማሪ ቦቲ መግዛት ትርፍ ወጪ ነው የሚሉ አሉ። ዝናቡ ግን ጠንክሮ የሚገባው በሰኔ፣ ልጆቹ የዓመቱን ፈተና በሚፈተኑበት ሰሞን ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈትም መሬቱ ገና አልጠጠረም። በመሃል ያሉትን ሁለት ወራት ደግሞ ልጁ ከብት ሲጠብቅና ሲያርም የሚውለው በዚያው ጫማ ነው። ስለዚህ የሚገዛው ጫማ ለትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ለአራት ወር ሥራ መብቃት አለበት።

ፈረቃውም ለውጥ ያመጣል። በጣና ዙሪያ የክረምቱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ሰማዩ ጠርቶለት ቢወጣም የሚረግጠው ሌሊቱን ሙሉ የራሰ ጭቃ ነው፤ ለእሱ ዋናው ነገር ጫማው ነው። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ግን ሲመለስ ዝናቡ ራሱ ያገኘዋል፤ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ የላስቲክ ዝናብ ልብስና ደብተር መጠቅለያ ወፍራም ፌስታል ይቅደም። ጃንጥላ ለዚህ መንገድ አይሆንም፤ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ሽቦውን ይገለብጠዋል፣ የልጁንም አንድ እጅ ይይዝበታል።

ረጅሙ ቦቲ የተሠራው ውኃ ውስጥ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ነው። ሩዝ ማሳ ውስጥ ለሚያርም አዋቂ ጥሩ ጫማ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሲያደርገው ግን አንገቱ ሰፊ ስለሆነ እግሩን አይዝለትም። ዋልካ ሶሉን ዙሪያውን ዘግቶ ከሥሩ አየር እንዳይገባ ያደርጋል፤ ልጁ እግሩን ሲያነሳ ጭቃው ቦቲውን ወደ ታች ይስበዋል፣ ተረከዙ ይወጣል፣ ቀጥሎ ካልሲው ጭቃ ላይ ያርፋል። ውኃ ባፉ ከገባበት ደግሞ መውጫ የለውም፤ ልጁ ውኃውን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። አጭሩ ቦቲ ቁርጭምጭሚቱን ስለሚይዝ ከጭቃ ይላቀቃል፤ ውኃ ቢገባበትም አውልቆ መገልበጥ ይቀላል። የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ግን ረጅሙም አጭሩም አይረዳም። የሚፈስ ውኃ ከልጅ ጉልበት ከደረሰ ይጥላል፣ በውኃ የሞላ ቦቲም ይከብዳል። በዚያ ቀን ልጁ መቅረት አለበት፤ ትምህርት ቤቱም ይህን አስቀድሞ ለወላጅ ሊነግር ይገባል።

ኮንጎ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ በአንድ ጆግ ውኃ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል። ድንጋይና ሥር በበዛበት መንገድ፣ ለምሳሌ ዘጌ ላይ ጫካው ውስጥ፣ ከቦቲ ይሻላል፤ እግር የሚረግጠውን ስለሚያውቅ ልጁ አይንሸራተትም። ዋልካ ላይ ግን በቀዳዳው ጭቃ ገብቶ ከውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፤ ተረከዝና ትንሿ ጣት ይላጣሉ። የግራር እሾህም ሶሉን ይበሳዋል። በረባሶ ጥንካሬው የማይታማ ቢሆንም በክረምት እግርና ሶል መካከል ጭቃ እየገባ ያንሸራትታል፣ የማሰሪያው ምስማርም ይላቀቃል፤ ለበጋ ይቆይ።

ወደ ግዢው እንምጣ። ብዙ ወላጅ ልጁን ይዞ ገበያ አይሄድም፤ ሁለት ቁጥር ጨምሮ «ያድግበታል» ብሎ ይገዛል። የቦቲ ዕድሜ የሚያጥረውና የልጅ እግር የሚላጠው በአብዛኛው በዚህ ነው። የላላ ቦቲ በእያንዳንዱ እርምጃ ጣት አጠገብ ይታጠፋል፣ የታጠፈበት ቦታም ይሰነጠቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማታ፣ እግር በውሎ ትንሽ ሲያብጥ፣ ልጁ ካልሲ አድርጎ ወረቀት ላይ ይቁም። ከተረከዙ እስከ ረጅሙ ጣቱ ይለካ፤ ሁለቱም እግር ይለካና ትልቁ ይወሰድ። በዚያ ልክ ላይ የአንድ አውራ ጣት ወርድ ያህል፣ አንድ ተኩል ሳንቲሜትር ገደማ፣ ተጨምሮ አንድ ጠንካራ ስንደዶ ይቆረጥ። ገበያ ላይ ስንደዶውን ቦቲው ውስጥ ሶሉ ላይ ማስተኛት ነው። ከጎበጠ ቦቲው ጠባብ ነው፤ ወዲያና ወዲህ ከተንሸራተተ ሰፊ ነው። ቁጥሩ ላይ አይተማመኑ፤ አንዱ ፋብሪካ 32 ያለው ከሌላው 34 ጋር የሚተካከልበት ጊዜ አለ።

ልኩ ከተገኘ ቀጥሎ ዕቃው ይፈተሽ። የቦቲውን አንገት ጠቅልለው አፉን ይዝጉና በሁለት እጅ ጨምቁት፤ ጉንጭ አጠገብ ሲያስጠጉት ከሶሉ ዙሪያ አየር የሚወጣ ከሆነ ውኃም ይገባበታል። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ጋ አጥፉት። የታጠፈበት ላይ ነጭ መስመር ከቀረ ፕላስቲኩ ቅይጡ በዝቶበታልና በዚያው ይሰነጠቃል። የሶሉ ጥርስ ጥልቀቱ ከግማሽ ሳንቲሜትር አይነስ፣ በጥርሶቹ መካከልም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፤ ጥርሱ የተጠጋጋ ሶል በዋልካ ተደፍኖ ልሙጥ ይሆናል። ገበሩ የተሰፋ ይሁን እንጂ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ አይሁን። ከቀለማቱ ጥቁሩ ይመረጥ፤ ፀሐይን ከሌሎቹ ይበልጥ ይችላል። ባለ ቀለሙ የልጆች ቦቲ ያምራል፣ ሻጩም የሚያወጣው እሱን ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ስስ ነው።

ጎማና ፕላስቲክ መለየትም ያስፈልጋል። ጎማው ደብዘዝ ያለ፣ ከበድ ያለ፣ ሲስቡት የሚለጠጥ ነው፤ ፕላስቲኩ ያብረቀርቃል፣ የቅርጹም መስመር ይታይበታል። በጣና ዳር፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ብርዱ ፕላስቲክ የሚያደርቅ ስላልሆነ ፕላስቲኩ ይበቃል። ወደ ጉና ተራራ ላሉ ትምህርት ቤቶች ግን ጎማው ይሻላል፤ እዚያ ጠዋት ጠዋት ፕላስቲክ ይደርቅና ቶሎ ይሰነጠቃል።

ልዩነቱ ዋጋ የሚኖረው ሲቀደድ ነው። ጎማ ከሆነ ጎሚስታው ይጠግነዋል፦ የተቀደደው ዙሪያ ታጥቦ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፣ ካላማዳሪ ተቆርጦ በሁለቱም ላይ ስስ ማስቲሽ ይቀባል፣ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ከዚያ ተጣብቆ ይጠቀጠቃል። ማስቲሹ ሳይደርቅ ከተለጠፈ በማግስቱ ይነሳል። ፕላስቲክ ላይ ይህ አይሠራም። እሱን ጫማ ጠጋኙ በጋለ ቢላ፣ ከአሮጌ ኮንጎ በተቆረጠ ቁራጭ ይበይደዋል። ቤት ውስጥ መሞከር አይመከርም፤ ጭሱ ጎጂ ነው፣ ቢላው ከመጠን በላይ ከጋለም ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ተረከዙ ላይ የሚቀደደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጁ በአንዱ እግር ሌላውን ረግጦ ስለሚያወልቅ ነው። በእጁ ተረከዙን ይዞ እንዲያወልቅ ከመጀመሪያው ቀን ይለምድ።

እርጥብ ቦቲ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ። ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ቅርጹን ያጣል፣ ሲቀዘቅዝም ይሰነጠቃል። ማታ ውስጡ ያለው ንጣፍ ወጥቶ ለብቻው ይሰቀል፤ ቦቲው ውስጥ ደረቅ የጤፍ ጭድ ወይም የአሮጌ ደብተር ወረቀት ተጠቅጥቆ ይደር። ጭዱ እርጥበቱን ይጠጣል፣ ጠዋት ይወጣል፣ በሚቀጥለው ማታ ሌላ ይገባል። ንጣፉን ከአሮጌ ብርድ ልብስ ሁለት ሁለት ጥንድ ቆርጦ ማፈራረቅ በጣም ይረዳል። እግር በእርጥብ ቦቲ ከዋለ ጣቶቹ መሃል ይነጣል፣ ያሳክካል፣ ይላጣል። ማታ በሳሙና ታጥቦ፣ በተለይ የጣቶቹ መሃል፣ በደንብ ይድረቅ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ቢባል፣ በጣና ዳር ባዶ እግር ዋጋ ያስከፍላል። የቢልሃርዝያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በረጋ ውኃ ውስጥ የሚገባው በቆዳ በኩል ነው፤ የመንጠቆ ትልም ከእርጥብ አፈር እንዲሁ በእግር ይገባል። በጎጃም ቀይ አፈር ላይ ደግሞ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ ያመጣል። ጫማና ሳሙና አብረው ሲሆኑ ነው የሚከላከሉት።

ለትምህርት ቤቶች አንድ ነገር እንጨምር። ቦቲ በጅምላ ገዝቶ የሚያድል የወላጅ መምህር ህብረት ወይም በጎ አድራጊ መጀመሪያ ስንደዶውን ለየክፍሉ ያድርስ፤ በአንድ ቁጥር የተገዛ ጥቅል ግማሹ ዕቃ ቤት ይቀራል። በር ላይ ቁራጭ ፌሮ ወይም ያለቀ ዶማ በሁለት እንጨት መካከል ተተክሎ የጭቃ መፋቂያ ይሁን። ልጆቹ ቦቲውን ደጅ የሚያወልቁ ከሆነ ስማቸው በአንገቱ ውስጠኛ ክፍል በዘይት ቀለም ይጻፍ። በጋለ ሽቦ ምልክት ማድረግ የተለመደ ነው፤ እሱ ይቅር፣ ሽቦው ፕላስቲኩን አሳልፎ ይበሳዋል።

ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲጠጥር ቦቲው ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ጭድ ገብቶበት ሳይታጠፍ ቆሞ ይቀመጥ። ላምባና ናፍጣ ካለበት ቦታ ይራቅ፤ ጎማን ያሳብጣሉ። ለሰኔ ሲወጣ ልኩ በአዲስ ስንደዶ እንደገና ይታይ፤ ለትልቁ ልጅ ከጠበበው ለታናሹ ይለፍ።