እናቴን ለሰማችልኝ አስተርጓሚ

እማዬ 72 ዓመቷ ነው፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ጤነኛ ናት። ዳዊቷን ትደግማለች፣ ቡናዋን ራሷ ትቆላለች። ግን የሰው ስም ሲጠፋባት፣ የጣደችውን ስትረሳ "ጃጀሁ እኮ" ማለት አበዛች። እኔ "ዕድሜ ነው" እያልኩ አልፋት ነበር፤ ሌሊት ሌሊት እንደምታለቅስ አላወቅኩም።

መጀመሪያ ለማስታወስ ምርመራ የሄድንበት ሐኪም ጋ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ዓመተ ምህረቱን ሲጠይቃት 2017 አለች፣ እንዳለ ነገርኩት። ሰዓት ሥላ 11፡10 እንድታደርግ ሲጠይቃት ደግሞ እኔ በለመድነው "አምስት ሰዓት ከአስር" ብዬ ተረጎምኩላት፣ እሷም ትንሿን ቆጣሪ አምስት ላይ አደረገቻት። ሁለቱም ስህተት ተባሉ። እማዬ ያን ቀን እራት አልበላችም።

ሌላ ክሊኒክ ስንሄድ አማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅን። የማመሰግነው ይህችን ልጅ ነው። ምርመራው ሳይጀመር የዘመን አቆጣጠራችን በ7 ወይም በ8 ዓመት፣ ሰዓታችን በ6 ሰዓት እንደሚለይ ለነርሷ አስረዳች። እኔ ቀድሜ ልመልስ ስል "ተያቸው እህቴ፣ እማማ ራሳቸው ይናገሩ" አለችኝ። ከዚያ ነርሷ ውጭ እንድጠብቅ ጠየቀችኝ፤ እማዬም ለእኔ ያልነገረችኝን ነገረቻቸው። እንቅልፍ እንቢ ሲላት ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ክኒን በየማታው ትውጥ ነበር፣ ዳይፈንሃይድራሚን ያለበት፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎችን የሚያደነዝዝና ማስታወስን የሚያውክ። ጆሮዋም ደክሟል። በቅጡ ያልሰማችውን እንዴት ታስታውሰው?

ውጤቷ ለዕድሜዋ ደህና ነው። ቢሆንም "ጭንቀትዎን ንቀን አናልፈውም" ብለው የከርሞ ቀጠሮ ያዙላት። በሐኪም ምክር ክኒኑን ከተወች ሁለት ወሯ፤ ጠዋት ጠዋት ፊቷ ራሱ ሌላ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ቀጠሮ ስታስይዙ "አማርኛ አስተርጓሚ" በሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። እባካችሁ እንደ እኔ ራሳችሁ አታስተርጉሙ። ሜዲኬር ፓርት ቢ (የመንግሥት የጤና መድን፣ የሐኪም ቤት ቀጠሮን የሚሸፍነው ክፍል) ከያዙ ዓመት ያለፋቸው ወላጆች በየዓመቱ በነፃ በሚያገኙት የጤና ቀጠሮ ላይ የማስታወስ ነገርም ይታያል። ሌሊት ለሚጨነቅ ደግሞ በመርሳት በሽታ ላይ የሚሠራው ድርጅት፣ የአልዛይመርስ አሶሲዬሽን፣ ስልክ 1-800-272-3900 ነው፤ 24 ሰዓት ይሠራል፣ አስተርጓሚም ያገናኛሉ።

የልጅቷን ስም ሳላስፈቅዳት አልጽፍም፤ ክሊኒኩን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ እማዬ ለከርሞው ቀጠሮ ድፎ ዳቦ ጋግራልሽ እንደምትመጣ ካሁኑ ነግራኛለች።