በቴሌግራም ማኪያቶ ተማርን

ሰሚት አካባቢ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ካፌ አለችኝ። ባለፈው ክረምት ባሪስታዬ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄደ። አልፈርድበትም። ግን የቡና ማሽኑን በቅጡ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። የቀሩኝ አንዲት አስተናጋጅና ዕቃ የሚያጥብ ልጅ ናቸው። ሁለቱን ትምህርት ቤት ልላክ ብል ካፌውን ልዘጋው ነው። ስለዚህ በቴሌግራም የሚሰጥ የባሪስታ ኮርስ ገዛሁላቸው። ለአንድ ሰው 2,800 ብር፣ አራት ሳምንት፣ 24 ቪዲዮ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። እኔም ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት።

እውነቱን ለመናገር ስከፍል እየሳቅኩ ነበር። የእጅ ሥራ በስልክ? ዋና በደብዳቤ እንደመማር ነው ብዬ። ግማሽ በግማሽ ተሳስቼ ነበር።

አንዱ ቪዲዮ ከሦስት አራት ደቂቃ አይበልጥም፤ አንድ ነገር ብቻ ያሳይና ያበቃል። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ልጆቹ ማታ ያወርዱትና መብራት ቢጠፋም ያዩታል። ደስ ያለኝ ደግሞ ቀረጻው ነው። ካሜራው አስተማሪው ትከሻ ላይ ያለ ይመስል፣ እጁ የሚታየው የራሳችሁ እጅ በሚታያችሁ በኩል ነው። ቀኙ ቀኝ፣ ግራው ግራ። ይሄ ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝ ወተት የሚያሞቀውን ቪዲዮ ስናይ ነው። እሱን ምን እንደነካቸው እንጃ ከፊት ለፊት ቀርጸውታል። ልጅቷ ያየችውን እንዳለ ስትደግመው ጆጉን በተቃራኒው አዘንብላ ያዘችው። ወተቱ ይሽከረከራል ሲባል ሽቅብ ተፈናጥሮ ሸሚዟን አለበሰው። ሰኞ ጠዋት፣ ሰው ተሰልፎ።

ከሁሉም የወደድኩት የሳሙናውን ትምህርት ነው። ሁለት ጀማሪ ሳምንት ሙሉ ሲለማመድ የሚደፋውን ወተት አስቡት። ኮርሱ ግን መጀመሪያ ወተት አትንኩ ይላል። ጆጉ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ላዩ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። እንፋሎቱ ሲገባበት ልክ እንደ ወተት አረፋ ይይዛል። የእንፋሎት ቧንቧው ጫፍ ላይ ላዩን ሲነካ ወረቀት ሲቀደድ ዓይነት ድምፅ ይሰማል፤ አየር እየገባ ነው ማለት ነው። ጆጉ እጅ ላይ ቀዝቃዛነቱ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው አየር የሚገባው። ከዚያ ጫፉ ትንሽ ጠለቅ ይልና ፈሳሹ መሽከርከር ይጀምራል። መዳፋችሁ ጆጉ ላይ መቆየት ሲያቅተው ትዘጋላችሁ። ወተት ቢሆን ያኔ 60 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል። ልጆቹ ሦስት ቀን በሳሙና ውሃ ሲጫወቱ ከረሙ፤ የእኔ ወጪ ጥቂት ውሃ ብቻ። ቧንቧውንና ጆጉን ግን ራሴ ቆሜ ነው ያስለቀለቅኩት። ሳሙና ሳሙና የሚል ማኪያቶ ለደንበኛ ላቀርብ አልችልም።

የቡናው ክፍልም ጥሩ ነው። 18 ግራም የተፈጨ ቡና ገብቶ 36 ግራም ገደማ ፈሳሽ ይውጣ፣ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ። እንደ ውሃ ከፈሰሰ ቡናው ይላም፤ እየተንጠባጠበ ካስቸገረ ይሻክር። ለመጠቅጠቅ ደግሞ ቡናው የሚገባበትን ባለ እጀታ ዕቃ የሰው ሚዛን ላይ አድርገው 15 ኪሎ እስኪል ይጫኑት ይላል። ልጁ ለካ 30 ኪሎ ያህል ሲደቁሰው ነው የከረመው! አስተማሪው ግን ጉልበቱ ላይ ብዙ አትድከሙ፣ ዋናው ቡናው ቀጥ ብሎ መተኛቱ ነው ብሏል፤ ልክ ነው።

ያላሰቡበትም ነገር አለ። ዝናብ ሲጥል መፍጫው ጠዋት የተስተካከለበት ላይ እንደማይቆይ ማንኛውም ባለ ካፌ ያውቃል። ስለሱ አንድ ቃል የለም። ያለ ማሽን የሚንቆረቆረውን ቡና ሲያስተምሩ ደግሞ ውሃው 94 ዲግሪ ይሁን ይላሉ። ልጁ ማንቆርቆሪያውን ሩብ ሰዓት አንተከተከው፤ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሞ ንቅንቅ አልል አለ። ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ነበር። አዲስ አበባ እኮ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ፈልቶ ያበቃል። የውጭ አገር ትምህርት ሲተረጎም ማሰሮው ያለበትን ከተማ የጠየቀ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በየሳምንቱ ተማሪው የእጁን ሥራ አንድ ደቂቃ ቀርጾ ይልካል፤ አስተማሪው በድምፅ ይመልሳል። ኮርሱን ኮርስ ያደረገው ይሄ ነው። ለልጅቷ የላከላት አይረሳኝም፦ «እህቴ፣ አረፋውን አትዪው፣ ድምፁን ስሚው። ደግሞ ክርንሽን ወደ ጎንሽ አስጠጊው።» ክርኗን አስጠጋች፣ እጇ መንቀጥቀጡን ተወ። እንዲህ ያለውን ከቪዲዮ ብቻ አታገኙትም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ሰውዬው ጠፋ። ስድስት ቀን። ልጁ በዚያ መሃል ጆጉን ከፍ አድርጎ ማፍሰስ ለመደ፤ ወተቱ ቡናውን ሰንጥቆ ይገባና ማኪያቶው ላይ መልክ የሚባል ነገር አይቀርም። መልሱ ሲመጣ ስህተቱ እጁ ላይ ደርቆ ነበር። ለማስለቀቅ ሌላ ሳምንት ፈጀብን።

የመጨረሻው ፈተና 20 የምርጫ ጥያቄ ነው። ቡና በስንት ባር ግፊት ይወጣል፣ ይህ ዕቃ ምን ይባላል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ልጅቷ 19 አገኘች፤ ሰርተፊኬቷ መጣላት። ልጁ 11፤ ወደቀ። የጆጉን ፀባይ ካስተካከለ ወዲህ ግን ከሁለቱ የእሱ ማኪያቶ ይበልጣል። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ይዘው የሚመጡ አንድ ጋሼ አሉ፤ እሳቸው እንኳ «ያ ዝምተኛው ልጅ ይሥራልኝ» ይላሉ። የእጅን ሥራ የሚያየውን ካሜራ ለአራት ሳምንት ሲጠቀሙበት ከርመው፣ ሲፈትኑት ወረቀት ሰጡት።

ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። የምትገዙ ከሆነ የቪዲዮውን ብዛት ተዉትና የምልከውን ማን ያየዋል፣ በስንት ቀን ይመልሳል ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ማሽን አጠገባችሁ ከሌለም አትጀምሩት፤ ገንዘብ መጣል ነው። መስከረም ላይ ለሦስተኛ ሰው እገዛለሁ ብዬ አስቤያለሁ።

ልጁ ፈተናውን በድጋሚ ይውሰድ ብዬ ብጠይቅ 300 ብር አሉኝ። እሱን እንኳ አልከፍልም።