ከባሪ ወደ ፓትራስ በሌሊት መርከብ፦ የዴክ ቲኬት ለባልና ሚስት ይሆናል ወይ?

ደቡብ ጣሊያንንና ግሪክን በአንድ ጉዞ ልይ ያለ ሰው ይሄ መርከብ ሳያጓጓው አይቀርም፣ ከባሪ ማታ ተነስቶ ሌሊቱን አድሪያቲክ ባህር ላይ አድሮ በማግስቱ ቀን ላይ ፓትራስ ያወርዳችኋል፣ በጠቅላላ 16 ሰዓት ገደማ ነው። ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ለመርከቡ 4 እሰጣለሁ፣ ለዴክ ቲኬቱ ግን 2፣ እሷም ስለ ጠዋቱ እይታ ብቻ ነው።

ቲኬቱ በሦስት ይከፈላል። ካቢን አለ፣ አልጋም ሻወርም ሽንት ቤትም ያለው። እንደ አውሮፕላን ያለ ወንበር አለ። ከዛ ዴክ (የመርከቡ ክፍት ወለል) የሚባለው ነው፣ እሱ ማለት መርከቡ ውስጥ ትገባላችሁ፣ የት እንደምትተኙ ግን የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ባሌ ደግሞ ኔፕልስ ላይ ያላዘዝነው ዳቦ መጥቶ ኮፔርቶ ተብሎ ሂሳቡ ላይ ቢደመር ከአስተናጋጁ ጋር ግማሽ ምሽት የተከራከረ ሰው ነው (ኮፔርቶ የገበታ ክፍያ ነው፣ ሜኑው ላይ ተጽፏል፣ ክርክር የለውም)። ወሩ ኦገስት ስለሆነ ካቢን በጣም ተወዷል፣ ዴክ የሚለውን ሲያይ ፊቱ በራ። «ኮከብ እያየን እንተኛለን እኮ!» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ፣ አንዳንዴ ዝም ማለት ይሻላል።

መኪና ያልያዘ ተሳፋሪ የሚገባው በዛው የጭነት መኪናዎቹ በሚገቡበት በር ነው። ሰራተኛው ፊሽካውን እየነፋ ትልልቅ ሻንጣችሁን እዚህ መደርደሪያ ላይ አድርጉ ብሎ ጠቆመን፣ አደረግን፣ ወደ ላይ ወጣን። ልብ በሉ፣ መርከቡ ከተንቀሳቀሰ በኋላ የመኪና ማቆሚያው ፎቅ ይቆለፋል፣ ለማንም አይከፈትም፣ የደህንነት ህግ ነው። ሹራቡ፣ ብርድ ልብሱ፣ ካልሲው ሁሉ እዛ ታች። እኔ በቀሚስ፣ እሱ በቁምጣ። ለሪሴፕሽኗ ብንነግራት እያዘነች ፈገግ አለች፣ በየቀኑ እንደሚጠየቅ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

ዴኩ ላይ ስንወጣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ነፋስ የማይነካውን ጥግ በሙሉ ይዘውታል፣ ፍራሽ ያነጠፈ አለ፣ ትንሽ ድንኳን የተከለ አለ፣ ከነውሻው የተኛም አለ። ባሌ ባሪ ላይ የገዛትን በአየር የምትነፋ የባህር ዳር ፍራሽ አወጣ፣ ሮዝ ናት፣ ፊቱ እስኪቀላ ነፋት፣ ልክ ቡሿን ከድኖ መሬት ሲያስቀምጣት ነፋሱ አንስቶ ወሰዳት። ተንከባላ ተንከባላ ከአንድ ሽማግሌ እግር ስር ደረሰች፣ ሰውየው ያዙለት፣ እኛም ተመስገን አልን። ባሌ ሰው እየተሻገረ ሄዶ እስኪደርስ ሽማግሌው አንጥፈው ጋደም ብለውባታል። ቆሞ ትንሽ አያቸውና ባዶ እጁን ተመለሰ። «እንዴ፣ ምን ልበል? ትልቅ ሰው ከተኙበት አይነሱ!» አለኝ። ኮከቡንም ቢሆን አላየነውም፣ ከላያችን የጭስ ማውጫው ነበር።

ውስጥ እንግባ አልን። ውስጥ ያለው ኤሲ ደግሞ ሰው ሳይሆን አሳ የሚያጓጉዝ ይመስላል። ባሩ አጠገብ ካለች ሶፋ ላይ በአንድ የባህር ፎጣ ሁለት ሰው ተሸፍነን፣ በየደቂቃው የሚጮኸውን የቁማር ማሽን እየሰማን፣ እሱ ሲስበው እኔ ስስበው አነጋን።

ሊነጋጋ ሲል ድምጽ ማጉያው በአራት በአምስት ቋንቋ መለፍለፍ ጀመረ። ባሌ ዘሎ ተነሳ፣ «ደርሰናል፣ ተነሺ!» ብሎኝ ወደ ታች በረረ። ቦታው ግን ኢጉሜኒትሳ ነው፣ አልባኒያ ድንበር አካባቢ ያለ የግሪክ ወደብ፣ ወደ ተሰሎንቄ የሚሄደው ኢግናቲያ አውራ ጎዳና ከዛ ስለሚጀምር የጭነት መኪናው እዛ ይወርዳል። ፓትራስ ገና ብዙ ሰዓት ይቀረዋል። ሁለቱን ሻንጣ እየጎተተ ሊወርድ ሲል ሰራተኛው ቲኬቱን አይቶ መለሰው፣ እሱም ተናዶ ሻንጣዎቹን ወደ ላይ ይዟቸው መጣ። ሹራቤን ያገኘሁት በዚህ ነው፣ ከዛ በኋላ ሞቶ እንደተቀበረ ሰው ተኛሁ። በነገራችን ላይ የግሪክ ሰዓት ከጣሊያን በአንድ ሰዓት ይቀድማል፣ ስልካችሁ ራሱ ካልቀየረ ትደናገራላችሁ።

ስለ ስልክ ካነሳን፣ ባህሩ መሃል «ኔትወርክ መጣ!» ብላችሁ አትደሰቱ። የመርከቡ ኔትወርክ በሳተላይት ነው፣ የአውሮፓ ህብረት ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰራው ሮሚንግ እሱን አይነካም፣ ስለዚህ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ባሌ ለእህቱ የባህር ቪዲዮ ላከላት። የመጣውን ሂሳብ እዚህ አልጽፈውም ግን ከኔፕልሱ ዳቦ ጋር አይወዳደርም።

ምግቡ ውድ ነው፣ ጣዕሙ ግን አይታማም። ፍልሰታን እየጾምኩ ስለነበር ፈርቼ ነበር፣ ግሪኮቹም ያንኑ ጾም ስለሚጾሙ (እነሱ ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው) ስጠይቀው አሳላፊው ወዲያው ገባውና በቲማቲም የተሰራ ትልልቅ ነጭ ባቄላ ሞልቶ ሰጠኝ። ዳቦና ፎካቻ (የጣሊያን ጠፍጣፋ ዳቦ) ከባሪ ይዛችሁ ብትገቡ ግን ኪሳችሁ ይመሰግናችኋል።

ጠዋቱን ላመስግነው። ከኢጉሜኒትሳ በኋላ መርከቡ ባዶ ይሆናል፣ ነፋሱም ጋብ ይላል፣ የኬፋሎንያ ደሴትና የሆሜር ግጥም ጀግና የኦዲሴየስ አገር ናት የምትባለው ኢታካ እየታዩ ታልፋላችሁ፣ ፓትራስ ስትቃረቡ ደግሞ በ2004 የተከፈተው የሪዮን አንቲሪዮን ድልድይ ከሩቅ ይታያል። ሰዉ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ የዴኩን አጥር ተደግፎ ቆሟል። ለዚህች ሰዓት ሲባል ወንበር ወይ ካቢን ይዞ መሄድ ያዋጣል፣ ብቻውን የሚጓዝ ወጣት ከሆነ ደግሞ ፍራሽና ሹራብ በእጅ ቦርሳው ይዞ በዴክ ይሂድ፣ ምንም አይሆንም። ባልና ሚስት ግን ተዉት።

ከፓትራስ አቴንስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በአውቶቡስ ሄድን። ባሌ ይህን መንገድ የመረጠው የቆሮንቶስን ቦይ በመርከብ እናልፋለን ብሎ ነበር፣ ቦዩ ግን ከፓትራስ ወዲያ ነው፣ ስፋቱም 25 ሜትር ስለማይሞላ ይሄን የሚያክል መርከብ አያሳልፍም። በ1893 የተከፈተ 6 ኪሎ ሜትር ከምናምን የተቆረጠ ገደል ነው፣ አውቶቡሱ በድልድይ በላዩ ያልፋል። ሲያልፍ ባሌ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። አቴንስ ስንገባ ነቅቶ «ቦዩስ?» አለኝ።

«አለፈ።»

«ታዲያ ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«አንተ ኢጉሜኒትሳ ላይ ለምን ቀሰቀስከኝ?»