ተጎታች ቤትን ለብርድ ወራት ማቆም፦ ቧንቧውን አየር ይጠብቀው ወይስ አንቲፍሪዝ?

ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ደግሞ የሚሄድበት የለውም። ቱቦዎቹ ፕላስቲክ ከሆኑ ትንሽ ይለጠጣሉ። ቀድመው የሚሰነጠቁት መጋጠሚያዎቹ፣ ሩቢኔቶቹ፣ የፓምፑ ራስና የሽንት ቤቱ ቫልቭ ናቸው። ክፋቱ፣ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። በረዶው ቀልጦ ውሃ የከፈቱ ቀን ነው ከግድግዳው ጀርባ መንጠባጠብ የሚጀምረው።

መከላከያው ሦስት ዓይነት ነው፦ ውሃውን በአየር ገፍቶ ማስወጣት፣ ቧንቧውን በአንቲፍሪዝ (እንደ ውሃ በቀላሉ በማይረጋ ፈሳሽ) መሙላት፣ ወይም ቤቱን እያሞቁ ማቆየት። የትኛውንም ቢመርጡ ግን መጀመሪያ የማይቀር ሥራ አለ። ታንከሮቹን ባዶ ያድርጉ፣ ታች ያሉትን ማፍሰሻዎች ይክፈቱ፣ የውሃ ማጣሪያውን ያውጡ። ቦይለሩን (የውሃ ማሞቂያውን) አጥፍተው ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ግፊቱን ለቀው ከዚያ ያፍስሱት። ትኩስ እያለ መድፈኛውን የሚፈታ ሰው ክፉኛ ይቃጠላል።

ኮምፕሬሰር (አየር የሚጨምቅ መሣሪያ) ላለው ሰው አየር ርካሹ መንገድ ነው። የሚገዛው የውሃ መግቢያው ላይ የሚጠመድ ትንሽ ማገናኛ ብቻ ነው። ጣዕም አይተውም፣ በኋላም ብዙ እጠባ አይፈልግም። በብርዱ መሃል ወጣ ብሎ መመለስ ለሚወድ ሰው፣ በተመለሰ ቁጥር ፈሳሽ ከመሙላት ይህ ይቀለዋል።

ኮምፕሬሰሩን ገና ሊገዙ ከሆነ ግን ትልቅ የግፊት ቁጥር አያጓጓዎት። ለዚህ ሥራ ከ2 እስከ 3 ባር፣ ማለትም ከ30 እስከ 45 ፒኤስአይ ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ መጋጠሚያ ሊያላቅቅ ይችላል። የሚፈለገው ብዛት ያለው አየር ነው። ጎማ የምንነፋባት ትንሿ መሣሪያ የአየር ማጠራቀሚያ ስለሌላት፣ አየሩ በውሃው ላይ ሾልኮ ያልፍና ውሃው እዚያው ይቀራል። ማጠራቀሚያና የግፊት መቆጣጠሪያ ያለው ይግዙ። አየሩ የሚያልፈው በመጠጥ ውሃ መስመር ስለሆነ ዘይት የማይጠቀመው ዓይነት ይሻላል።

የአየር ድክመቱ፣ ሥራው ማለቁን በዓይን ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው። ቧንቧው ጎንበስ ባለበት ቦታና ፓምፑ ውስጥ ትንሽ ውሃ ሊቀር ይችላል። የላቫንዲኖና የሻወር ሲፎን (ከማፍሰሻው ሥር ያለው ጎባጣ ቱቦ) ደግሞ ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ አየር አያድነውም። ስለዚህ የአየር ደጋፊ የሆነ ሰውም ለሲፎኖቹ ቢያንስ አንድ ጀሪካን አንቲፍሪዝ መግዛት አለበት።

አንቲፍሪዝ ላይ የሚታይ ነገር አለ። ቧንቧው ሲሞላ ሮዝ ፈሳሽ ከሩቢኔቱ ይወጣል፤ ያኔ ያ መስመር መጠበቁን ያውቃሉ። ቀዝቃዛውንም ሙቁንም፣ ሽንት ቤቱንም፣ ብዙ ሰው የሚረሳውን የውጭውን ሻወርም በየተራ ይከፍታሉ።

ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ። የመኪና አንቲፍሪዝ ኤቲሊን ግላይኮል ነው፤ መርዝ ነው፤ ወደዚህ ቧንቧ በፍጹም አይግባ። ለተጎታች ቤት ተብሎ ከሚሸጠውም ውስጥ አንዳንዱ ኢታኖል አለበት። ዋጋው ይቀንሳል፣ ግን ይቀጣጠላል፣ የጎማ ማሸጊያዎችንም ያደርቃል። እኔ ጥቂት ጨምሬ ንጹሕ ፕሮፒሊን ግላይኮል እመርጣለሁ።

ጀሪካኑ ላይ የሚጻፈው «-50» ብዙ ሰው ያሳስታል። በፋራናይት ነው፤ በሴንቲግሬድ -46 ገደማ ይሆናል። እሱም ቧንቧው እንዳይፈነዳ የሚጠበቅበት ልክ እንጂ ፈሳሹ መርጋት የሚጀምርበት አይደለም። ይህ ዓይነቱ ፈሳሽ -10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መወፈር ይጀምራል። ይህ ጉዳት የለውም፣ እንደ ውሃ ድርቅ ብሎ ቧንቧ አይገፋም። ዋናው ጠላቱ ቧንቧው ውስጥ የቀረ ውሃ ነው፤ ያቀጥነውና አቅሙን ያሳጣዋል።

ለመካከለኛ ተጎታች ቤት ከ8 እስከ 12 ሊትር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ይህ ግን ቦይለሩ በባይፓስ፣ ማለትም ፈሳሹ ወደ ቦይለሩ ሳይገባ በጎን በሚያልፍበት መስመር፣ ከታለፈ ነው። ባይፓስ ከሌለ የተለመደው ትንሹ ቦይለር ብቻውን 23 ሊትር ገደማ ይውጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የባይፓስ ቫልቩን ይግዙ፤ ቶሎ ዋጋውን ይመልሳል። ከፓምፑ በፊት የሚገጠመው ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭም ቱቦውን ጀሪካኑ ውስጥ ከትቶ ፓምፑ ራሱ እንዲስብ ያደርጋል።

ማሞቅን ለማከማቻ አልመክርም። ሰው ለሚኖርበት ቤት ጥሩ ነው። ማንም በሌለበት ግን መብራት አንድ ሌሊት ከጠፋ ወይም ጋዙ ካለቀ ሁሉም ነገር ከንቱ ይሆናል።

ብርዱ ቀለል ባለበት አካባቢ ከሆኑና ጥሩ ኮምፕሬሰር ካለዎት አየርና ለሲፎኖቹ አንድ ጀሪካን ይበቃዎታል። ብርዱ ከባድ ከሆነ፣ ወይም ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩ ከሆነ፣ ገንዘብዎን አንቲፍሪዝና ሁለቱ ቫልቮች ላይ ያውሉት። ሁለቱንም መንገድ ለመጠቀም ከወሰኑ አየሩን ያስቀድሙ፤ ፈሳሹ የሚያቀጥነው ውሃ እንዳያገኝ።