ደሴ ልግዛ ኮምቦልቻ? መንገድ፣ ትምህርት ቤትና የቤት ስፋት ሲመዘኑ

ባል ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ሚስት ደሴ ሆስፒታል። ወይም እሱ ደሴ ባንክ፣ እሷ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ኑሮው ለሁለት ከተማ የተከፈለ ቤተሰብ ብዙ ነው። ቤት ለመግዛት ሲነሱ ታዲያ ደላላውን ቀድመው የሚጠይቁት "ስንት ካሬ ነው?" ብለው ነው። በእኔ እምነት ካሬ ሦስተኛ ነው። መጀመሪያ ልጆቹ የት ይማራሉ? ቀጥሎ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በየቀኑ ማን ይወጣል፣ ማን ይወርዳል? ከዚያ በኋላ ስለ ካሬ እናውራ።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ ማለት ነው። አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ያለ 25 ኪሎ ሜትርና ይሄኛው አንድ አይደሉም።

ሐረጎ

በደህና ቀን ሚኒባስ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያደርሳችኋል። እዚህ ላይ መኪናው እስኪሞላ የምትቀመጡትን ጨምሩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቶሎ ይሞላል። ረፋድ ላይ ግን ረዳቱ "ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው" እያለ ግማሽ ሰዓት ያቆያችኋል።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ጉም ሐረጎ ላይ ይተኛል። ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ አስፋልቱን እየፈለገ ነው የሚነዳው። ከፊት የተጫነ ተሳቢ ካለ ደግሞ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ኩርባው ደርቦ ለማለፍ አያመችም። ሚኒባሱም፣ አይሱዙውም፣ የቤት መኪናውም ከኋላው ተሰልፎ ይከተላል። እንዲህ ባለ ቀን አለቃችሁ ጋ ቀድማችሁ መደወል ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው። መንገዱን አዋቂ ይሂድበት። ልጅ በእግሩ፣ ቢበዛ በባጃጅ አምስት ደቂቃ፣ ከሚደርስበት ትምህርት ቤት አጠገብ ይኑር።

ሰፊ ግቢ አገኘን ብለው ኮምቦልቻ ይገዙና ልጆቹን "የለመዱት ትምህርት ቤት ይሻላቸዋል" ብለው በየቀኑ ደሴ የሚያመላልሱ ወላጆች አሉ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳይነጋ ይቀሰቀሳል። ቁርሱን መኪና ውስጥ ይበላል፣ አንዳንዱንም ኩርባው ያስመልሰዋል። ማታ ደብተሩ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። በዚያ ላይ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ናዳ ይወርዳል፣ መኪና ይገለበጣል፣ የጸጥታ ችግር ይፈጠራል። አዋቂ እንዲህ ባለ ቀን ዘመድ ቤት ያድራል። ልጅ ከሐረጎ ማዶ ሲቀር ግን የወላጅ ጭንቀት በምን ካሬ ይካካሳል?

ለአዋቂውም ቢሆን የሥራው ዓይነት ይለያያል። መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ካለውና ሰርቪሱ ደሴ ድረስ ከወጣ ምልልሱ ግማሽ በግማሽ ይቀላል። ይህን ቤት ከማየታችሁ በፊት ጠይቁ። የማታ ተረኛ የሆነ ሰው ያለበት ቤተሰብ ግን ለተረኛው ይቅረብ። ሌሊት ሐረጎ ላይ ትራንስፖርት መፈለግ የሚመከር አይደለም።

ትምህርት ቤት

እዚህ ላይ ደሴ ትበልጣለች፣ ምንም ማድበስበስ አያስፈልግም። የቆየች የትምህርት ከተማ ናት። ወይዘሮ ስኂን ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ቢሆንም ስንቱን ያወጣ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ሆጤና መምህር አካለወልድ አሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢም እዚያው ነው። የግል ትምህርት ቤት ምርጫውም ሰፋ ይላል። አንዱ ባይስማማ ቤት ሳይቀይሩ ሌላ መሞከር ይቻላል።

ኮምቦልቻ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ስምንተኛ ክፍል አትታማም። ምርጫው የሚጠበው ከዘጠነኛ በኋላ ነው። የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያ መሆኑ የሚጠቅመው ይበልጥ እዚያ ለሚሠራ ወላጅ ነው።

ስለዚህ የልጁ ዕድሜ ይወስናል። ልጆቻችሁ ገና ትንንሽ ከሆኑና እንጀራችሁ ኮምቦልቻ ከሆነ፣ ኮምቦልቻ ግዙ፣ እዚያው አስተምሩ። ትልቁ ዘጠነኛ ክፍል ሊገባ ከሆነ ደሴን አስቀድሙ። ስምንተኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ላይ ያለውን ግን ፈተናውን ሳይጨርስ አታንቀሳቅሱት። አንድ ነገር ደግሞ አይረሳ፤ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ያስተምር እንደሆነ ጠይቁ። ልጁ ግማሽ ቀን ቤት ከዋለ፣ ሁለቱም ሥራ የሚውሉ ወላጆች አያት ወይም አክስት የሚቀርብበትን ሰፈር መምረጣቸው ግድ ነው።

ካሬው

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል ተራሮች መካከል የተጣበበች ከተማ ናት። ሜዳ የሚባል ነገር ብርቅ ነው። ካርታው 200 ካሬ ይላል። ከበሩ ስትገቡ ደረጃ ትወርዳላችሁ፣ ሁለት ክፍል። ሌላ ደረጃ ትወርዳላችሁ፣ ኩሽናና ሰርቪስ። ከዚያ የድጋፍ ግንብ፣ ከግንቡ በታች የጎረቤት ጣሪያ። ደረጃውና ግንቡ ተቀንሶ ልጅ ኳስ የሚያንከባልልበት፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ላይተርፍ ይችላል። ደሴ ውስጥ በካርታው ካሬ ዋጋ አትቁረጡ። ሜትር ይዛችሁ ደልዳላውን ብቻ ለኩና ዋጋውን ለዚያ አካፍሉ። ያኔ ርካሽ የመሰለው ቤት ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ደሴ መሬቷ የሚንሸራተትባቸው ቦታዎች እንዳሏትም የታወቀ ነው። ቤቱን ክረምት ላይ እዩት። ብሎኬቱን ተከትሎ ደረጃ እየሠራ የሚወርድ ስንጥቅ አለ? በሩ እየታከከ ነው የሚዘጋው? የድጋፍ ግንቡ ወደ ውጭ አብጧል? ከግንቡ ሥር የውሃ ማውጫ ቀዳዳ ተትቶለታል? አንዱ ግድግዳ ብቻ በቅርቡ ቀለም ከተቀባ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ጦሳ ሥር ያሉት ሰፈሮች ደግሞ ከሰዓት ፀሐይ ቶሎ ትሰወርባቸዋለች። ቁርጥማት ያለባቸው እናት አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የደሴ ፒያሳና አራዳ አካባቢ ሁሉም በእግር ይደረሳል፣ ግቢ ግን አትጠብቁ። ትልቅ ከተማ ውስጥ ሆኖ ልጅን በእግር ትምህርት ቤት መላክ የሚፈልግ ሰው ለዚህ ሲል ጠባብነቱን ቢችለው አይፈረድበትም። እኔም እችለው ነበር።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ 200 ካሬው 200 ካሬ ነው። መኪና ይገባል፣ ሮቶ ይቆማል፣ ለኪራይ ሰርቪስ ይሠራል። በቤት ስፋት የሚፎካከራት የለም። ዋጋዋን ግን በሌላ ታስከፍላለች። ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነች ወባ አለ፤ አጎበርና የመስኮት ወንፊት ከቤቱ ወጪ ጋር ይታሰብ። ዙሪያዋን ተራራ ስለሆነ የክረምት ጎርፍ ወደ እሷ ነው የሚወርደው። ቦርከና ወንዝ ዳር ወይም "ለዮሌ" እና "ወርቃ" የሚባሉትን ወንዞች ተጠግቶ የተሠራ ቤት ከሆነ ጎረቤት እናቶችን "ውሃው እስከ የት ደርሶ ያውቃል?" በሏቸው። ከደላላው ይልቅ እነሱ ይነግሯችኋል። ለዮሌና ወርቃ የፋብሪካ ፍሳሽም ይገባባቸዋል። በበጋ፣ ውሃው ሲያንስ፣ አንድ ከሰዓት ሄዳችሁ ሽታውን ራሳችሁ አረጋግጡ። መሬቱ መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ከሆነም መሠረቱ ስንት ሜትር እንደተቆፈረ ሳይነገራችሁ አትስማሙ።

ዳር ዳሩ

ደሴ ብቻ ለሚሠራ ሰው ቦሩ ሜዳ ጥሩ ነው። እንደ ስሙ ሜዳ ነው፣ በ1870 ዓ.ም. ያንን ሁሉ የሃይማኖት ጉባኤ ሰው ያስተናገደ ስፍራ። ሆስፒታል አለው። ነፋሱና ብርዱ ግን ከደሴም ይብሳል። ኮምቦልቻ ለሚሠራ አይሆንም፤ ሐረጎ ከመድረሱ በፊት ደሴን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለበት። ሐይቅም ያው ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩም ውሃውም ውብ ነው። ጡረታ ለወጣ ወይም ሥራው እዚያው ለሆነ ሰው እንጂ በየቀኑ ለሚመላለስ አልመክርም።

ገራዶንና ሌሎቹን የደሴ ዳርቻዎች ስታዩ ከርቀቱ ይበልጥ ወረቀቱ ያሳስባችሁ። ከከተማ ወጣ ሲባል "ከገበሬው በቀጥታ ነው፣ ርካሽ ነው" የሚል ደላላ አይጠፋም። የገበሬ መሬት አይሸጥም፣ ሕገ መንግሥቱም አይፈቅድም። በእጅ በተጻፈ ውል የተገዛ የጨረቃ ቤት ሲፈርስ ካሳ የሚከፍላችሁ የለም። የከተማ ቦታ በሊዝ ከሆነ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ነው። ስንት ዓመቱ እንደሄደ፣ የሊዙ ክፍያ ስንት እንደቀረው ከውሉ ላይ አንብቡ። ቀሪው ወደ እናንተ ነው የሚዞረው።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የካርታውን ቅጂ ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱና ከማኅደሩ ጋር አስተያዩ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ቀርበው ይፈርሙ። "እሷ አዲስ አበባ ናት፣ በስልክ ተስማምታለች" የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ እሷ እስክትመጣ ወይም ሕጋዊ ውክልና እስክትልክ ጠብቁ።