ስታር ዋርስ፦ በወጣበት ቅደም ተከተል ወይስ በታሪኩ ዘመን?

ስታር ዋርስ የተባሉትን ተከታታይ የጠፈር ፊልሞች ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ «ከየትኛው ልጀምር?» የሚል ጥያቄ ሲመጣብኝ በቀላሉ አላልፈውም።

አንዱ መንገድ በታሪኩ ዘመን መሄድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ክፍል አንድ ይጀምራል። በኋላ ክፉው ዳርዝ ቬደር የሚሆነውን አናኪንን ገና ልጅ ሳለ ስለምናውቀው ውድቀቱ አንጀት ይበላል። በ2005ቱ ፊልም መጨረሻ ላይ ጥቁሩ ጭንብል ቀስ እያለ ፊቱ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ያ የቬደር ከባድ ትንፋሽ ይሰማል። (ድምፁ በመጀመሪያ የተቀዳው ከባሕር ጠላቂዎች መተንፈሻ መሣሪያ ነው።)

ሁለተኛው መጀመሪያ ከወጣው የ1977ቱ ፊልም ተነስቶ በወጡበት ቅደም ተከተል ማየት ነው። እኔ ያለ ማመንታት ይህን እመርጣለሁ። በ1980 በወጣው ፊልም ወጣቱ ጀግና ሉክ እጁ ተቆርጦ፣ ነፋስ እያንገላታው፣ ከሥሩ ገደል ሆኖ ብረት ላይ ተጠምጥሟል። ዳርዝ ቬደር አባቱ መሆኑን የሚነግረው ያን ጊዜ ነው። በታሪኩ ዘመን የመጣ ተመልካች ይህን አስቀድሞ ያውቃል፤ በወጡበት ቅደም ተከተል የመጣው ግን ከሉክ እኩል ይደነግጣል። ይህን ድንጋጤ ከማንም ላይ መንጠቅ አልፈልግም። የታሪኩ ዘመን ቅደም ተከተል ለሁለተኛ ዙር ይቆይ፤ ያኔ የአባትየው ዝምታ ሁሉ ሌላ ትርጉም ይይዛል።