የኤፒቱልስ የዕድሜ ማስተካከያ፦ የትኛው ፈንክሽን ይታመናል?

አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ለሚሠራና የሁለት ሕዝቦችን የሞት ምጣኔ በዕድሜ አስተካክሎ ማነጻጸር ለሚፈልግ፣ ኤፒቱልስ የተባለው ነፃ ፓኬጅ ጥሩ አቋራጭ ነው። የቀጥተኛው ዘዴ ፈንክሽን (ስሌቱን የሚሠራው ትእዛዝ)፣ ኤጅአጀስት ዶት ዳይሬክት፣ የሚጠይቀው በየዕድሜ ቡድኑ የሞቱትን ቁጥር፣ የቡድኑን ሕዝብ ብዛትና መደበኛውን ሕዝብ (ሁለቱም የሚመዘኑበትን የጋራ የዕድሜ ስብጥር) ነው። ጥሬውን (በዕድሜ ያልተስተካከለውን) እና የተስተካከለውን ምጣኔ ከ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል (እውነተኛው ምጣኔ ይገኝበታል ከሚባለው ወሰን) ጋር ይመልሳል። ውጤቱ የሚወጣው ለአንድ ሰው ስለሆነ በ100,000 ማባዛቱ የተጠቃሚው ሥራ ነው።

ስሌቱን በእጅ መፈተሽ ይቻላል። «ሀ» ከ65 ዓመት በታች 90,000፣ ከዚያ በላይ 10,000 ሰው አለው፤ ሟቾቹ 180 እና 300 ናቸው እንበል። «ለ» ደግሞ 70,000 እና 30,000 ሰው፣ 105 እና 750 ሟች አለው። ጥሬው ምጣኔ ከ1,000 ሰው 4.8 እና 8.55 ስለሚሆን «ለ» የባሰበት ይመስላል። መደበኛው ሕዝብ 80 በመቶ ወጣት፣ 20 በመቶ አረጋዊ ሲሆን ግን 7.6 እና 6.2 ይወጣል፤ ደረጃው ተገለበጠ።

የመተማመኛ ክልሉን በጋማ ሥርጭት ማስላቱ ትልቁ ብርታቱ ነው። ሟቾች ጥቂት ሲሆኑ በኖርማል ሥርጭት የሚሰላው የታችኛው ጫፍ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ እዚህ አይወርድም።

ከተጠቃሚ ስህተት የሚያደርገው ጥበቃ ግን የላላ ነው። የቡድኖቹን ስም አያይም፣ በተራቸው ያባዛል እንጂ። ፋይሉ በፊደል ተራ ከተደረደረ «5-9» ከ«45-49» በኋላ ይገባና ክብደቱ (ቡድኑ በመደበኛው ሕዝብ ያለው ድርሻ) ያለ ቦታው ይውላል፤ ማስጠንቀቂያ የለም። የእርስዎ የዕድሜ ቡድኖች 18፣ የመደበኛው ሕዝብ 9 ከሆኑ የባሰ ነው፦ አር 9ኙን ክብደት ሁለት ጊዜ ስለሚጠቀም ድምሩ በ1 ፈንታ 2 ይሆናል፣ ምጣኔውም ያብጣል። ሕዝቡ 0 የሆነ ቡድን ካለ ውጤቱ ጭራሽ ቁጥር አይሆንም፤ ከጎረቤቱ ቡድን ጋር ያዋህዱት።

መደበኛ ሕዝብም አይመርጥልዎትም። በ1976ቱ የአውሮፓ መደበኛ ሕዝብ ከ65 ዓመት በላይ ያሉት 11 በመቶ ናቸው፣ በ2013ቱ 19.5 በመቶ። አንዱን በአሮጌው፣ ሌላውን በአዲሱ አስልቶ ማነጻጸር ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥተኛ ላልሆነው ዘዴ የተሠራውን ኤጅአጀስት ዶት ኢንዳይሬክት ግን በጥንቃቄ ነው የምንመክረው። የታየውን ሞት በመደበኛው ሕዝብ ምጣኔ ለሚጠበቀው ሞት ማካፈሉ ትክክል ነው፤ ክልሉን የሚያሰላው ግን በሎጋሪዝም ግምት ስለሆነ ሟቾች ጥቂት ሲሆኑ አይታመንም፣ 0 ሲሆኑም ይሰበራል። የሚጠበቀውን ቁጥር ከዚህ ወስዶ፣ ክልሉን ከአር ጋር አብሮ በሚመጣው ፖይሰን ዶት ቴስት ማስላት ይሻላል።